ሺህ ላይክ ስንት እንጀራ ይገዛል?

ባለፈው ሰሞን ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ከፍቶታል። አቅራቢዋ ድምፅዋን ዝቅ፣ ሙዚቃውን ለስለስ አድርጋ አንድ ጽሑፍ ታነባለች። ስለ አንዲት የጉሊት ቸርቻሪ ነው። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ለበዓል ጓደኞቹን አስከትሎ ይመጣል። እናት ልጄ በኔ እንዳያፍር ብላ ጉሊቷን አንስታ ሁለት ሰፈር ተሻግራ ትዘረጋለች። ልጁ ጓደኞቹን ሊያዞር ወጥቶ፣ ሽንኩርት ልግዛ ብሎ ጎንበስ ሲል ራሷን ያገኛታል። ሁለቱም እንደማይተዋወቁ ሆነው ይገበያያሉ። መልሱን ስትሰጠው ግን እጁን ትንሽ ያዝ አድርጋ ትለቀዋለች።

አጠገቤ ፌስታል ታቅፈው የተቀመጡ ሴት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ረዳቱ እንኳ "ሂሳብ!" ማለቱን ለጊዜው ረስቶት ነበር። አቅራቢዋ ትንሽ ዝም አለችና፣ "ይህን ግሩም ጽሑፍ ያገኘነው ከማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ ጸሐፊውን እናመሰግናለን" ብላ ወደ ቆርቆሮ ማስታወቂያ ተሻገረች።

ከማኅበራዊ ሚዲያ ተገኘ ማለት ምን ማለት ነው? የሰው ላም እየነዳ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ "ከየት አመጣሃት?" ሲባል "ከመስክ ላይ ያገኘኋት ናት፤ ባለቤቷን አመሰግናለሁ" ቢል፣ የሰፈር ሽማግሌ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል?

እኔ ደግሞ የላሚቱን ባለቤት አውቃታለሁ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ የምናገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ትሰማ የነበረች ተማሪዬ ናት። ያቺን የጉሊት እናት ከዓመት በፊት ገጿ ላይ ያነበብኳት ቀን ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት። ከታክሲው ወርጄ ስልክ ደወልኩላት።

"ዛሬ ሬዲዮ ላይ ነበርሽ" አልኳት።

"እኔ እንኳ አልነበርኩም ጋሼ፤ ጽሑፌ ነው የነበረው" ብላ ሳቀች። ከዚያ የጽሑፏን ታሪክ ትነግረኝ ጀመር። እሷ ገጽ ላይ አራት መቶ ያህል ሰው ወደደው። አንድ ትልቅ ፔጅ ስሟን ቆርጦ ለጠፈውና አርባ ሺህ አለፈ። ቀጥሎ አንድ ወጣት ቲክቶክ ላይ በድምፁ አነበበው፤ ሰዎች የሱ ድርሰት መስሏቸው "ብዕርህ ይባረክ" እያሉ መረቁት። ሌላው ደግሞ መጨረሻው አልጣመውም መሰለኝ፣ ከእጅ መያዟ በኋላ "እናቱን የሚወድ ሼር ያድርግ" የሚል ጨመረበት።

"ሌላው ሁሉ ይቅር ጋሼ" አለችኝ፤ "ያቺ ጭማሪ ግን አቃጠለችኝ። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ እኮ እዚያ ላይ ዝም ለማለት ነው።"

* * *

መቼም ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚጽፍ የኔ ዕድሜ ሰው፣ "ድሮ ቀረ" ብሎ እንደሚጀምር አንባቢ ይጠብቃል። እኔ ግን በዚህ ነገር ድሮን የማመስግንበት ብዙ ምክንያት የለኝም። ድሮ ለመጻፍ የፈለገ ሰው በስንት በር ማለፍ ነበረበት? ሳንሱር አለ። ሳንሱሩን ሲያልፍ አሳታሚው አለ። አሳታሚው ወረቀት የለም ይላል። ጋዜጣ ላይ ልሞክር ያለ፣ አዘጋጁን የሚያውቅ ሰው መፈለግ አለበት። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. "ኦሮማይ"ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ለአንድ ደራሲ የተከፈለ ዋጋ ይኸው ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ካስቀረ በኋላም የገንዘቡ በር እንደተዘጋ ነበር። ማተሚያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ወጣት ገጣሚ ደግሞ ከግጥሙ በቀር ምንም የለውም።

ፌስቡክ ይህን ሁሉ በር በአንድ ጊዜ በረገደው። ደብረ ማርቆስ ያለች መምህርት፣ ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወንድም ማታ የጻፉትን ጠዋት ይነበብላቸዋል። በዚህ በር ገብተው ጥሩ ግጥም፣ ጥሩ ወግ፣ ጥሩ አጭር ልብ ወለድ የጻፉ ሰዎች አሉ። ተማሪዬም ከነሱ አንዷ ናት። ስለዚህ ክርክሬ ከበሩ ጋር አይደለም። በበሩ ከገቡ በኋላ ስለሚከፈላቸው ነገር ነው።

የሚከፈላቸው ላይክ ነው። ላይክ ደግሞ መጥፎ ነገር አይደለም። ሰው ለሠራው ሥራ "እሰይ" መባልን የማይወድ ማነው? ነገር ግን እሰይታ ምስጋና ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። በሠርግ ቤት እልልታው ለሙሽሮቹ ነው፤ ወጥ ሠሪዋ ግን እልል ስለተባለ ሒሳቧን ትታ አትሄድም። ሺህ ላይክ ይዤ ሱቅ ብሄድ ግማሽ ኪሎ ሽሮ አይመዘንልኝም።

አዝማሪን እንውሰድ። እኛ አገር አዝማሪን ያላቃለለ የለም። ነገር ግን አዝማሪ ቤት የገባ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ግጥሙ ከጣመው ተነሥቶ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። ማጨብጨብ አለ፣ ብርም አለ፤ አንዱ በሌላው አይተካም። አዝማሪውን እየናቅን የከፈልን ሰዎች፣ ደራሲውን እያከበርን መክፈል ተውን። "ክቡር ነው ጥበብ፣ በገንዘብ አይተመንም" እንላለን። በገንዘብ አይተመንም ማለት ግን በነፃ ይወሰዳል ማለት ሆኖ ተገኘ።

ጥበብ በገንዘብ አይተመንም ያላለ ግን አንድ ወገን አለ፤ የመድረኩ ባለቤት። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ164 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አግኝቷል፤ ይህ ገቢ ከሞላ ጎደል ሁሉም የማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው ሰው ገጹ ላይ ቁጭ ብሎ ሲቆይ ነው። ሰውን ቁጭ የሚያደርገው ደግሞ የሚነበብ ነገር ነው። የሚነበበውን ያቀረበው ማነው? ያቺ ሦስት ሳምንት ለአንዲት መጨረሻ የደከመች ልጅና መሰሎቿ ናቸው። በድሮው የመሬት አከፋፈል "ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ" ይባል ነበር። ያ ሥርዓት ስንት የተዘፈነበትና የተሰለፈበት ግፍ ነበረ። ግን እዚያም ቢሆን አራሽ ሲሶ ነበረችው።

* * *

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ክፍያ ዋጋ መስጠት ብቻ አይደለም፤ ክፍያ ያስተምራል። ሰው በሚከፈለው ነገር ይገራል። ደመወዙ በሰዓት የሆነ ሰው ሰዓት ይቆጥራል፤ በቁና የሆነ ቁና ይሞላል። በላይክ የሚከፈለው ጸሐፊስ?

መቼም የላይክ ቁጥር ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም። የትኛው ጽሑፍ ለማን እንደሚታይ የሚወስን ቀመር አለ። ዋሽንግተን ፖስት በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ከኩባንያው የወጡ የውስጥ ሰነዶችን መሠረት አድርጎ እንደጻፈው፣ ፌስቡክ ከ2017 ጀምሮ ለነዚያ ፊት ለሚመስሉ ምልክቶች፣ ማለትም ለሣቁ፣ ለእንባው፣ ለንዴቱ፣ ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጥ ነበር። አንድ ሰው የተናደደ ፊት ሲጫን አምስት ሰው የወደደውን ያህል ተቆጠረ ማለት ነው። የንዴቱ ፊት ሚዛን ወደ ዜሮ የወረደው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2020 ነው። በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኩባንያው ሰዎችን የሚያነጋግር ጽሑፍ ቅድሚያ እንዲያገኝ ቀመሩን ለውጦ ነበር። ሰውን እንደ ጠብ የሚያነጋግር ምን አለ? የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም ያነሣችው እንዲያው አይደለም።

ይህን ሁሉ እኛ ከሰነድ አነበብነው። ጸሐፊው ግን ሰነድ አላስፈለገውም፤ በጣቱ ዳሰሰው። ተማሪዬ የነገረችኝን እነሆ። አንድ ቀን ከጎረቤቷ ጋር በውኃ ቆጣሪ ተጣልታ ገብታ፣ ሻይ እስኪፈላ ድረስ ባለው ጊዜ ስለዚያ ጠብ አሥር መስመር የማይሞላ ነገር ጻፈች። ጎረቤቷ ከየት እንደመጣ፣ የነሱ ሰዎች ሲባሉ እንዲህ እንደሆኑ፣ ትንሽ ነካ አድርጋ። ሻዩ ሳይበርድ ሁለት ሺህ ሰው ወደደው። ማታ ስድስት ሺህ አለፈ። ግማሹ "አንጀቴን አራስሽው" ይላታል፤ ግማሹ ይሰድባታል።

"ደነገጥሽ?" አልኳት።

"በመጀመሪያው ቀን ደነገጥኩ" አለችኝ። "በሁለተኛው ቀን ግን የዚያን ዓይነት ሌላ ጻፍኩ።"

ካስተማርኳቸው ተማሪዎች መካከል ጥሩ ሆነው የወጡትን በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። መምህር ከዚያ ያለፈ ሀብት የለውም። እሷም ከነሱ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ የጻፈቻቸውን ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኳቸው። ዓረፍተ ነገሮቿ አጥረዋል። ሰዎቿ ሁሉ ወይ ጻድቅ ወይ ሰይጣን ሆነዋል። በየመጨረሻው ጥያቄ አለ፤ "እናንተስ ምን ትላላችሁ?" የሚል። ያቺ ዝም ለማለት ሦስት ሳምንት የደከመች ልጅ አሁን ዝም ማለት አትችልም። ጎበዝ ስለሆነች ደግሞ ይህንንም ጎበዝ ሆና ነው የምትሠራው። ተከታዮቿ ሠላሳ ሺህ ደርሰዋል።

እሷን መውቀስ ይቀለኛል። ግን እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለጉሊቷ እናት አራት መቶ ላይክና ስርቆት ከፈልናት። ለጎረቤቷ ጠብ ስድስት ሺህ ላይክ ከፈልናት፤ ያንን ደግሞ ማንም ስሟን ቆርጦ አልወሰደባትም፤ ስድብ ባለቤት ስለሚፈልግ። ጸሐፊን በእሰይታ ብቻ የሚከፍል አንባቢ፣ በመጨረሻ እሰይታ ነጋዴ ያፈራል። ይኸው ነው ነገሩ።

* * *

ስለ ስርቆቱም ትንሽ ልበል። በቅኔ ቤት ቅኔ ማቅረብ "መዝረፍ" ይባላል። "እገሌ ቅኔ ዘረፈ" ሲባል ሰው ደስ ይለዋል። ይህን ቃል የሚሸከም ሥርዓት ግን ጥብቅ ነው፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን ቅኔ የኔ ብሎ ያቀረበ ሰው ከዚያ ወዲያ በጉባኤው መካከል ቀና ብሎ አይሄድም። ባለቤትነትን ከፈረንጅ የተማርነው የሚመስለው ሰው ካለ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ። ዛሬ ቃሉን ወሰድንና ሥርዓቱን ተውነው፤ ዘረፋው ብቻ ቀረ።

ሕጉም የለም እንዳይባል አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰት ባለቤትነትን የሚመለከት ክፍል ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት፣ ሥራውም ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይለወጥበት መብት አለው፤ የገንዘብ ጥቅሙ ደግሞ በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ የባለመብቶችን ክፍያ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሚቋቋሙበትን መንገድ አበጀ። እንግዲህ "እናቱን የሚወድ ሼር ያድርግ" ብሎ የጨመረው ሰው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት መብት ጥሷል፤ ስሟን ቆርጧል፣ ሥራዋን ለውጧል። ይከሰስ? በማን? ተማሪዬ ጠበቃ የምትቀጥርበት ገንዘብ ቢኖራት መጀመሪያ የቤት ኪራይዋን ትከፍላለች።

ከዚህ የባሰ ደግሞ የፒዲኤፉ ነገር አለ። ደራሲ ዓመታት ደክሞ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ መጽሐፍ ያሳትማል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ አንዱ በስልኩ ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሣውና ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። "ያነበበ ላላነበበ ያጋራ" ይላል ከሥሩ፤ ጽድቅ የሠራ ነው የሚመስለው። ቴሌግራም በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ቢያንስ አንድ ሺህ ተከታይ ላላቸው የሕዝብ ቻናሎች፣ እዚያ ከሚታየው ማስታወቂያ ገቢ 50 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት እንደሚያካፍል አስታወቀ። ለጸሐፊ የተከፈተ በር ይመስላል፤ በራሱ ቻናል የራሱን ለሚጽፍም እውነትም በር ነው። ግን ቃሉን ልብ ይሏል፤ ገንዘቡ የቻናሉ ባለቤት ነው እንጂ የጽሑፉ ባለቤት አይደለም። የሰው መጽሐፍ የሚያከማች ቻናልም ባለቤት አለው። ድሮ የተሰረቀ ላም የሚገዛ ሰው ማግኘት ሌባውን ትንሽ ያስቸግረው ነበር።

አንባቢ የሚያቀርበውን ምክንያት አውቀዋለሁ። መጽሐፍ ተወደደ፤ እውነት ነው። ጅዳ ወይም ሚኒሶታ ላለ ሰው አዲስ አበባ የታተመ መጽሐፍ በቀላሉ አይደርሰውም፤ ይህም እውነት ነው። እኔም ንጹሕ ነኝ ብዬ አልቆምም። በ1990ዎቹ ሳስተምር ቤተ መጻሕፍቱ የነበረው ልብ ወለድ አንድ ቅጂ፣ ተማሪዎቼ ስልሳ ነበሩ። መጽሐፉን ለፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥቼ፣ "ከእገሌ ዘንድ አለላችሁ፤ ውሰዱ" ያልኩት እኔ ነኝ። ደራሲው ያኔ በሕይወት ነበር፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ፤ በጡረታ። በሱ መጽሐፍ ላይ ፈተና አውጥቼ ደመወዝ በላሁበት። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ሳንቲሙን አገኘ። ተማሪዎቹ ዲግሪ አገኙበት። ስልሳ አንባቢ በአንድ ሴሚስተር ያስገኘው ደራሲ ግን የአንድ መጽሐፍ ሽያጭ እንኳ አላገኘም። አንድ ቀን ክፍል ድረስ ጋብዤው፣ ተማሪዎቹ ብር አዋጥተው ቢያንስ አሥር መጽሐፍ ከእጁ እንዲገዙ ማድረግ እችል ነበር። አላሰብኩትም። ለመልካም ዓላማ የሚሰርቅ ሰው ሌባ መሆኑን የሚያስታውሰው የለም፤ ራሱም አያስታውስም።

* * *

እንግዲህ ፍትሐዊ ክፍያ ምንድነው? እኔ የሚታየኝ ዕዳ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ስም ነው። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ስሙን ለመቁረጥ እንዲያውም ጣትን ማድከም ይጠይቃል፤ እንዳለ መተው ይቀላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን "ፍቅር እስከ መቃብር" ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ያንን ትረካ የሰማ ሰው የደራሲውንም የተራኪውንም ስም ዛሬ ድረስ አይስትም። ትረካው መጽሐፉን አልቀማውም፤ መጽሐፉን ላላነበበው ሕዝብ አደረሰው። ሬዲዮም ቲክቶክም የሰው ጽሑፍ ማንበባቸው ክፉ አይደለም። "ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ" የሚሉት ነገር ነው ክፉው። ጽሑፉን ሲያገኙት ስሙ ከሌለው ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። አልተገኘም? እንግዲያው አይነበብማ።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ለእድር፣ ለሰርግ፣ ለታመመ ሰው በስልካችን ገንዘብ መላክ ለምደናል። ዓመቱን ሙሉ ጽሑፏን ለምናነብላት ሴት የአንድ ማኪያቶ ዋጋ መላክ ለምን ያሳፍረናል? ጸሐፊዎቹም ያፍራሉ። "ልመና ይመስላል" ትላለች ተማሪዬ። የሠሩበትን መጠየቅ ልመና የሚመስልበት አገር ውስጥ፣ የሰው መውሰድ ደግሞ ማጋራት ይባላል።

ሦስተኛው ዕዳ ፍርድ ነው፤ እሱ የኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዕዳ ነው። ኮሜንት የሚባለውን ቦታ እስኪ ተመልከቱት። ወይ "ዋው፣ ብዕርሽ ይለምልም" ነው፣ ወይ ስድብ። "ይህቺ ሁለተኛዋ አንቀጽ ትርፍ ናት፣ መጨረሻው ግን ግሩም ነው" የሚል የለም። ጸሐፊዎቹም እርስ በርስ በላይክ ይበዳደራሉ፤ የዛሬውን ያወደስኩልህ የነገውን እንድታወድስልኝ ነው። ከዚያ የፌስቡክ ጽሑፋቸውን ሳያርሙ፣ ሳይመርጡ፣ ሰብስበው ያሳትሙታል። አንባቢ በነፃ ያነበበውን ገዝቶ ሲያገኘው፣ ሁለተኛ የወጣት መጽሐፍ አይገዛም፤ በዚህ አልፈርድበትም። በደለኛው አንባቢ ብቻ እንዳልሆነ ለማለት ነው። እኔና የሙያ ጓደኞቼስ? "የፌስቡክ ሥነ ጽሑፍ" እያልን ቡና ላይ ስንስቅ፣ ከመካከሉ ጥሩውን ለይተን "ይህ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም" ብለን የጻፍነው ስንት ነው? ጥሩን ከመጥፎ የሚለይ ሰው ሲጠፋ፣ መለየቱን ቀመር ይረከበዋል። ቀመሩ ደግሞ የሚለየው በንዴት ነው።

የኩባንያዎቹን ዕዳ ሳልረሳ ነው ይህን የምለው። እነሱ የሚከፍሉበት ቀን እስኪመጣ ሕግም፣ ማኅበርም፣ መንግሥትም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። እስከዚያው ግን ስም መጥራት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህን ያነበበ ሰው፣ "ታዲያ አንተስ የልጅቱን ስም ለምን አልጠራህም?" ቢለኝ ይገባዋል። ለመጥራት ፈልጌ ነበር፤ ጠየቅኋትም። "ተዉት ጋሼ" አለችኝ። "ስሜ ጽሑፌ ላይ ይጠራ እንጂ አቤቱታ ላይ አይጠራ።" ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ "እርስዎ ግን ታክሲው ውስጥ ምን አሉ?" አለችኝ።

ምን አልኩ? ምንም። እነዚያ ፌስታል የታቀፉ ሴት ዓይናቸውን ጠርገው ወደኔ ዞር ብለው፣ "ማን ይሆን የጻፈው? እንዲህ ያለ አንጀት!" ብለው ነበር። ወራጁ ይገፋል፣ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ" ይላል። ራሴን ነቀነቅሁና ወረድኩ። የሴትዮዋ ጥያቄ ምንም ወጪ የሌለው ነበር። ስሟን ከነአባቷ አውቀው ነበር።